ቀምሼ እንጂ ጠጥቼ አላውቅም

«እማ፣ አንች አታርሽኝም» አለችኝ ልጄ።

ስምንት ወር የገባ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ ውጫሌ ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆማ፣ ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ነው የነገረችኝ። «እዛው ሐይቅ ከተማ ቤቴ ነው የምተኛው። አማቴ ታርሰኛለች» አለች። ቁጭ በይ አልኳት፣ አልተቀመጠችም። ውሃ ሰጠኋት፣ ተጎንጭታ መለሰችልኝ።

ምኑ ነው ይህን ያህል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። በእኛ ዘንድ የበኩር ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለድ። አራሷ እናቷ አልጋ ላይ ትተኛለች፣ ገንፎዋን እናት ታገነፋለች፣ ገላዋን እናት ታጥባለች፣ ሕፃኑንም ተቀብላ የምትታቀፍ እናት ናት። እናት በሕይወት እያለች፣ እግሯ እየሄደ፣ ልጅ በአማት እጅ ከታረሰች አገር ልጅቱን አይጠይቅም። «እናቲቱ ምን ብትሆን ነው?» ነው የሚለው። እኔ ምን እንደሆንኩ ደግሞ አገር ያውቅ ነበር። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እሱም ቢሆን ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው።

«ለምን?» አልኳት።

«ታውቂዋለሽ።»

«አላውቅም። ተናገሪ።»

«የአፍሽ ሽታ፣ እማ። የእጅሽ መንቀጥቀጥ። ያለሁት የሰው ቤት ነው፣ በዚያ ላይ የሙስሊም ቤት። ልጄን ብትጥይብኝስ?»

ያኔ ነው ጎረቤት እስኪሰማ የጮህኩት። «እኔ ቀምሼ እንጂ ጠጥቼ አላውቅም!» አልኩ። ልጄ ፊቷን አዞረች። ባጃጁ ውስጥ ይጠብቃት የነበረው ባሏ ሞተሩን አስነሳ፣ ሄዱ።

ይህን የምጽፈው ንስሐ ልገባ አይደለም። ንስሐዬን ለሚገባው ነግሬአለሁ። የምጽፈው ስለ እኔ የሚወራው ስለሰለቸኝ ነው። አንዱ ዛር ነው ይላል፣ አንዱ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ ሌላው ስድ ሆና ነው ይላል። እስከ አሥረኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ለብዙ ዘመን ዓረብ አገር ላሉ ሴቶች የእናቶቻቸውን ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬአለሁ። የሰው ጉዳይ ስጽፍ የኖርኩ ሴት የራሴን ብጽፍ ምን ይለኛል?

አረቄ አወጣ ነበር። ባሌ ሲሞት ልጄ ገና ጡት አልጣለችም፤ ከእናቴ ያየሁትን ሥራ ያዝኩ። ጌሾውን ወቅጬ እጠነስሳለሁ፣ ብቅሉንና ቂጣውን ጨምሬ ድፍድፉን እተዋለሁ፣ ሲደርስ ጋን ውስጥ ጨምሬ አፉን በጭቃ መርጌ እሳት እለቅበታለሁ። እንፋሎቱ በመቃው አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተቀመጠው ማሰሮ ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። ያ ጠብታ አረቄ ነው። ወገብ ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ልጅ ግን ያሳድጋል። ልጄን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያደረሳት ያ ጠብታ ነውና ማንም አረቄ ሻጭ ብሎ ቢሰድበኝ አላፍርም።

አሁን ነገሩን ልብ በሉልኝ። አረቄ የምታወጣ ሴት ሳትቀምስ አትሸጥም። መጀመሪያ የሚወርደው እሳት ነው፣ መጨረሻ የሚወርደው ውሃ ነው፣ መካከሉን የምታውቀው በምላሷ ነው። ስለዚህ ሲጀምር እቀምሳለሁ፣ ሲጋመስ እቀምሳለሁ፣ ሲያልቅ እቀምሳለሁ። ከዚያ ደንበኛ ይመጣል። ቀጂ ሳትቀምስ ለሰው መስጠት ነውር ነው፤ መቅመሷ መርዝ የለበትም ማለት ነው። መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ፣ በሰውየው ፊት ምጥጥ አድርጌ፣ ከዚያ እቀዳለታለሁ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ እንደዚያ ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ጠርሙስ እንደዚያ ነው። የገበያ ቀን ደግሞ ከአምባሰል ቆላና ደጋ የወረደ ሁሉ ደጄ ላይ ነው።

ያን ዘመን ሁሉ መለኪያ ከንፈሬን ነክቶት አያውቅም፤ በእውነት ነው የምላችሁ። ከጠጪ ጋር ተቀምጬ አላውቅም። ስካር ይዞኝ ዘፍኜ፣ ሰው ሰድቤ፣ መንገድ ላይ ወድቄ አላውቅም። ጠጪ ማለት እኔ የምቀዳለት ሰውዬ ነበር። መዳፍ ስንት ይይዛል እያልኩ ኖርኩ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚሉት እኔው ነኝ።

ለውጡ የመጣ ሰሞን ቤቴ ሞልቶ ፈሰሰ። ወጣቱ አደባባይ ሲጨፍር ውሎ ጉሮሮው ደርቆ ይመጣል። ከወንበሩ የወረደው ሹም አንገቱን ደፍቶ በጓሮ በኩል ይመጣል። አንዱ ለደስታው፣ አንዱ ለኀዘኑ። ለሁለቱም ቀዳሁ፣ ለሁለቱም ቀመስኩ። ልጄ የፀነሰችው በዚያው ዓመት ነው። ባሏ ጅዳ ሠርቶ የተመለሰ፣ ባጃጅ የሚነዳ የሐይቅ ልጅ ነው። ሠርጋቸው ላይ አንዱ በሬ በቢስሚላሂ፣ ሌላው በስመ አብ ታርዶ ሁለቱም ወገን ጠግቦ ሄዷል። በእምነት የተቀያየምነው ነገር የለም። የተቀያየምነው በእኔ መዳፍ ነው።

ሴት ልጅ ወለደች። እኔም እንደ ሩቅ ዘመድ የገብስ ዱቄትና ለጋ ቅቤ ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። አራሷ ልጄ ቀና ብላ አቅፋ ሳመችኝ። አንድ፣ ሁለት፣ በሦስተኛው ትንፋሿን ሳብ አደረገች። አሸተተችኝ። እናቷን እንደ ገበያ ቅቤ አሸተተችኝ። ያን ጠዋት ደግሞ ከቤት ስወጣ ቀምሼ ነበር፣ የወረደውን መሞከር ነበረብኛ።

የልጄ አማት ደግ ሴት ናቸው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ ቀጠን ያሉ፣ ተናግረው የማያስቀይሙ፣ ግን ምንም ነገር የማያልፋቸው። «ያዣት እንጂ፣ አያቷ አይደለሽ?» ብለው ሕፃኗን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ።

ቀጥሎ ያለውን ከአፌ ለማውጣት ዓመታት ፈጅቶብኛል። ሕፃኗን አየኋት፣ ምንም አልተሰማኝም። ምንም። ሰው የልጁን ልጅ ሲያቅፍ አንጀቱ ይላወሳል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔም ልጄን የወለድኩ ቀን አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን የሰው ዕቃ አደራ እንደያዘ ሰው ነበርኩ። እሷን እያየሁ የማስበው ድፍድፌን ነበር፤ ነገ ይደርሳል፣ ነገ መቃው ጠብ ይላል፣ ዛሬ በስንት ሰዓት ቤቴ እገባለሁ። እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልጄ አየችው። ሕፃኗን ከጭኔ ላይ አነሳቻት።

እግዜር ልቤን ነሳኝ ብዬ አመንኩ። በመስከረሙ ንግሥ ግሸን ሄድኩ። ከአውቶቡስ ወርጄ ያን አቀበት በእግሬ ወጥቼ፣ እመቤቴ ፊት ቆሜ «ሁለተኛ ብቀምስ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብዬ ማልኩ። አራት ቀን ጠበቅሁት። ሲያንቀጠቅጠኝ የአቀበቱ ድካም ነው አልኩ። በአምስተኛው ቀን ድፍድፉ ደርሶ ነበርና ሳልቀምስ አወጣለሁ ብዬ እሳቱን ለቀቅሁበት። መቃው ጠብ ማለት ሲጀምር ልቤ ዘለለ፣ አፌ ምራቅ ሞላ፣ እጄ ሳላዘው ተዘረጋ።

ሰው «ግሸን ላይ ምላ መሐላዋን በላች» አለኝ። አሁንም ልንገራችሁ፣ እመቤቴን አልዋሸኋትም። ስምል ከአንጀቴ ነው። የዋሸኝ ሌላ ነው፣ ስሙን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ከዚያ ጦርነቱ ወደ እኛ ወረደ። የመድፉ ድምፅ ሲቀርብ ውጫሌ በአንድ ጠዋት ወጥታ መንገድ ላይ ፈሰሰች። ሰው ፍራሹን ተሸክሟል፣ በጉን ይጎትታል፣ አባቱን አዝሏል። እኔ ምን ያዝኩ? ነጠላዬንና አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ አረቄ። የልጄን ፎቶ ግድግዳ ላይ ትቼ አረቄውን ያስታወስኩ ሴት ነኝ። ለቁስል ይሆናል አልኩ ለራሴ። ሐይቅ ሳልደርስ አለቀ። ቁስል አልነበረኝም።

ሐይቅ ስደርስ ልጄ የለችም። ባሏ እሷንና ትንሿን በባጃጁ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ሄዷል። ስልክ አይሠራም። ያገኘሁት አማቲቱን ብቻ ነው፤ ከዘመዶቼ አልርቅም ብለው ወደ አርዲቦ ሊሄዱ ጓዛቸውን ይሸክፋሉ። አዩኝና «ነይ፣ እኔና አንች አንድ ቤት ነን» አሉኝ። እምቢ የምልበት ጉልበት አልነበረኝም። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ወንድማቸው ቤት ገባን።

በማግስቱ ጀመረኝ። እጄ ብቻ አይደለም፤ ጉልበቴ፣ መንጋጋዬ፣ የዓይኔ ቆብ ሳይቀር ተንቀጠቀጠ። ላቡ ልብሴን አራሰው። የቀመስኩት ሁሉ ተመልሶ ወጣ። ግድግዳው ላይ ጉንዳን ሲርመሰመስ አያለሁ፣ በእጄ እጠርገዋለሁ፣ ጉንዳን የለም። አማቲቱ ወባ ነው አሉ። የወንድማቸው ሚስት ጅን ነው ብላ ዱዓ አስደረገችልኝ። እኔ መድፉ ነው፣ ፍርሃት ነው አልኩ። እውነቱን እያወቅሁ ሁለት ቀን አፌን ዘጋሁ። ሞት አፋፍ ላይ ተኝቼ እንኳ አረቄ ናፍቋት ነው እንዳይሉኝ እጠነቀቅ ነበር። እንግዲህ ኩራቴን ተመልከቱልኝ።

እሳቸው ግን ከአጠገቤ አልተለዩም። ገላዬን በለብ ያለ ውሃ ያጥባሉ፣ አጥሚት በማንኪያ ያጠጡኛል፣ ልብሴን ይለውጡልኛል፣ ሲያንዘፈዝፈኝ ከኋላዬ ገብተው በጉልበታቸው ደግፈው ይይዙኛል። አራስ እንደዚያ ነው የምትያዝ። ልጄን እንዳላርስ የተከለከልኩት ሴት በልጄ አማት እጅ ታረስኩ። ይህ ሲገባኝ አለቀስኩ። ጉንዳኑን ፈርታ ነው ብለው አባበሉኝ።

በሦስተኛው ቀን አንዲት ነርስ አመጡልኝ። እሷም ተፈናቅላ እዚያው መንደር ያረፈች፣ ልጄን የምታክል ልጅ ናት። ዓይኔን ገልጣ አየች፣ እጄን አስዘረጋችኝ። ከዚያ አማቲቱን ትንሽ ውጡልን ብላ «እናቴ፣ ይጠጣሉ?» አለችኝ።

«ቀምሼ እንጂ ጠጥቼ አላውቅም» አልኳት፣ ጥርሴ እየተፋጨ።

አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። «እሺ፤ በቀን ስንት ጊዜ ይቀምሳሉ?» አለች።

በዕድሜዬ ይህን የጠየቀኝ ሰው የለም። መቁጠር ጀመርኩ። ጠዋት የሚወርደውን ሦስቴ። ሥራ ሳይገቡ ጎራ የሚሉትን ግንበኞች። የቀትሮቹን። ከችሎት የሚወጡትን ባለጉዳዮች፤ የተፈረደላቸውም የተፈረደባቸውም ይመጣሉ። ገና ማታውን ሳልደርስበት ቁጥሩ ጠፋብኝ።

«ሁሉም አንድ ላይ ቢጠራቀም?» አለች።

«አንድ ጠርሙስ ሳይሆን አይቀርም» አልኩ። የተናገረው አፌ ነው፣ የሰማው ጆሮዬ ነው፣ ሁለቱም ደነገጡ።

ይህን ያህል የለመደ አካል ባንድ ጊዜ ሲቋረጥበት ሰው ሊሞት ይችላል አለችኝ፤ ሐኪም እያየው ቀስ ተብሎ ነው የሚቆም። ቦርሳዋ ውስጥ የነበራትን ጥቂት እንክብል እየመጠነች ሰጠችኝ። ሁለት ቀን ከአጠገቤ አልሄደችም። ጉንዳኖቹ ጠፉ።

ለአማቲቱ እኔው ነገርኳቸው። ደብቄ ልቀጥል አንጀቴ እምቢ አለኝ። አልደነገጡም። «ላብሽ ነግሮኛል፤ የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት» አሉ።

«ታዲያ ወባ ነው ሲሉ የነበረው?»

«ለእነሱ ነዋ። ያንችን ገመና ለወንድሜ ሚስት ልበትን? ለልጅሽም ወላሂ ከእኔ አፍ አይወጣም።»

«እኔው እነግራታለሁ» አልኩ። ስናገረው ቀላል ነበር።

መቆም ስችል ከነርሷ ጋር ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ትንሽ ራቅ ብለው ሴቶች ልብስ ያጥባሉ። «ልቤ ሞቷል» አልኳት። የሕፃኗን ነገር፣ ምንም እንዳልተሰማኝ ነገርኳት። ለሰው ስናገረው ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ልብዎ አይደለም፣ አንጎልዎ ነው» አለች። እኔ እንደገባኝ ልጻፈው። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚሉት መልእክተኛ አለ። ርቦሽ ምግብ ስታይ፣ ልጅሽ ከሩቅ ስትመጣ ብቅ ይልና «ይህ ይበጅሻል፣ ያዥው፣ ነገም ድገሚው» ይላል። በልኩ ነው የሚናገር። አረቄ ሲገባ ግን ይጮሃል። ጩኸቱ በየቀኑ ሲሆንበት አንጎል ጆሮውን ይደፍናል። አንዴ ከደፈነ በኋላ የወጥ ጣዕም፣ የጎረቤት ጨዋታ፣ የልጅ ልጅ፣ እነዚህ ዝግ ብለው የሚናገሩት ሁሉ አይሰሙትም። የሚሰማው አረቄውን ብቻ ነው። እሱም ውሎ አድሮ ደስታው ይቀርና እንዳያንቀጠቅጥሽ ብለሽ የምትወስጅው ይሆናል።

«የግሸኑ መሐላዬስ?» አልኳት።

«መልእክተኛው አረቄው አፍ እስኪገባ አይጠብቅም» አለች። «የብቅሉ ሽታ፣ የጠብታው ድምፅ ከበቃው ቆይቷል፤ እሱን ሲሰማ ቀድሞ ይነሳል። እርስዎ ደግሞ መሐላዎን ሊጠብቁ የተቀመጡት እዛው ጋኑ ሥር ነው።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ አንጎልንም ሦስተኛ አድርገው ይጨምሩበት።

ተናደድኩ። በእሷ አይደለም። ያን ሁሉ ዘመን ሰው ዛር ሲለኝ፣ ስድ ሲለኝ፣ እኔም ራሴን ልበ ደረቅ ስል፣ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ይህን ሳይነግረኝ መቅረቱ አናደደኝ። «ታዲያ ጥፋቱ የእኔ አይደለማ!» አልኳት።

«እሱን አላልኩም» አለች ፈጠን ብላ። «ጆሮው እንዴት እንደተደፈነ ነው የነገርኩዎት። ማስከፈቱ የእርስዎ ፈንታ ነው።» ያን ጊዜ ወደድኳት። ይከፈታል ወይ ብላት፣ ካልነኩት ብዙውን ጊዜ ይከፈታል፣ ግን በቀን ሳይሆን በወራት ነው አለችኝ።

መንገድ ሲከፈት ልጄ ከኮምቦልቻ ተመለሰች። ተላቅሰን ተሳሳምን፤ በሦስተኛው አሸተተችኝ። ምንም ሳይሸታት ሲቀር ደግማ አሸተተች። እነግራታለሁ ያልኩት ምላሴ ላይ ቀረ። ትንሿ ልጅ ደግሞ ከባዕድ እንደምትሸሽ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀችብኝ። ከእግሬ በታች መሬት ቢከፈት እገባ ነበር፤ ግን አልተከፈተም፣ ውጫሌ ተመለስኩ።

በሩ ተገንጥሏል። ቤቴ ባዶ ነው፣ ጋኖቼ ተሰባብረዋል። አንዱ ብቻ ጥግ ላይ ተርፏል። ጎረቤት «እሰይ፣ እንጀራሽን አተረፈልሽ» አለችኝ። ሳምንት ሳይሞላ ደንበኛ ደጄን ቆረቆረ። ጦርነት ያለፈበት ሰው ይጠጣል፤ አልፈርድበትም።

«ጠንስሽ እንጂ» አለኝ አንዱ። «መቅመሱ ካስፈራሽ ሳትቀምሽ ሽጭ።»

«ያልቀመሰች ሴት የቀዳችውን ትጠጣለህ?» አልኩት።

ዞሮ ሄደ። እሱም ደንቡን ያውቀዋል።

ጋኑን ውሃ ሞላሁበት። የገብስና የሽምብራ ቆሎ ቆልቼ መናኸሪያው በር ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሳቀብኝ፣ «ይች አንድ ወር አትቆይም» ተባባለብኝ። አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው፤ አንዱን በምሰፍርበት ጣሳ ልለው ለጥቂት ነው የቀረው። ላሳየው ብዬ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ወር ተቀመጥኩ። እልህ ደግሞ ጥሩ ምርኩዝ ነው።

ስትተይው ደስ ይልሻል የሚሉ ሰዎች ትተውት አያውቁም። አይልም። ወጡ ውሃ ውሃ ይላል፣ ቆሎው ገለባ ነው፣ ቀኑ አያልቅም። ጎረቤቴ አረቄ የምታወጣ ዕለት ሽታው በአጥሩ ሲመጣ ልቤ ይዘላል፣ ምራቄ ይሞላል። «መጣህ?» እለዋለሁ ያን መልእክተኛ ጮክ ብዬ። «ጩህ እንግዲህ፤ በር የሚከፍትልህ የለም።» ነጠላዬን አጣፍቼ ገበያ እወጣለሁ። አበደች አሉ። ይበሉ።

ክረምት ገባና በለስ ደረሰ። አንድ የገበያ ቀን አጠገቤ የምትሸጥ ሴት አንዱን ልጣ ሰጠችኝ። እንደዋዛ ጎረስኩት። ጣፈጠኝ። እንደ ልጅነቴ ጣፈጠኝ፤ ጣዕሙ እስከ ጆሮዬ ሥር ሄደ። እዚያው ገበያ መካከል እንባዬ ወረደ። ሴትየዋ ደንግጣ «እሾህ ወጋሽ?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ሌላ ስጭኝ አልኳት።

እዚህ ላይ ባቆም ያምር ነበር። ግን ከዚያ በኋላ ወደቅሁ። የጎረቤት ተዝካር ላይ ቀጂዋ በመዳፏ ቀምሳ፣ በደንቡ ሰጠችኝ። እምቢ ማለት ሟቹን መናቅ መሰለኝ። አንዱን ጨለጥኩት፣ ሁለተኛውንም ተቀበልኩ፤ ሦስተኛውን ማን እንደሰጠኝ አላስታውስም።

ጠዋት ስነሳ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ቅርንፉድ አላምጬ ዝም ማለት አንዱ ነው፤ እሱን አውቅበታለሁ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሐይቅ ወረድኩ። ልጄ በር ከፍታ ልትስመኝ ስትጠጋ እጄን ደረቷ ላይ አድርጌ አቆምኳት።

«አታሽችኝ፣ እኔው ልንገርሽ» አልኳት። «ትናንት ጠጣሁ። ድሮም እጠጣ ነበር።»

ቀመስኩ አላልኩም። ያ ቃል ስለ ራሴ ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያው ነው። አርዲቦ የሆነውንም፣ ልጇን አቅፌ ምንም እንዳልተሰማኝም፣ ሁሉንም እዚያው በር ላይ ቆሜ ዘረገፍኩት። ልጄ ከንፈሯን ነክሳ ታየኛለች። አማቲቱ ከጓዳ ሆነው «ያ ረቢ» አሉ፤ ቀጥለውም «ግቢ፣ በር ላይ አትቁሚ» አሉኝ።

«ከዛሬ ጀምሬ እንደገና አንድ ብዬ እቆጥራለሁ» አልኳት ልጄን። «ብታምኝኝም ባታምኝኝም እቆጥራለሁ። ላንች ብዬ ብቻ እንዳይመስልሽ፤ በለሱ ጣፍጦኛል።» ምን እንደምል አልገባትም። ሻይ ግን አቀረበችልኝ።

ቆጠርኩ። ተዝካር ላይ እምቢ ማለት ተማርኩ፤ የተቀየመ ተቀየመ። ዓመት አልፎ ሌላ ግማሽ ተጨመረበት። አንድ ጠዋት ባጃጅ ደጄ ላይ ቆመ። ልጄ ሆዷ ገፍቶ፣ ያን ቀን የቆመችበት ደጃፍ ላይ ቆመች። ባሏ ፍራሽ ያወርዳል።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩ።

«ልተኛ ነው የመጣሁት።»

«ሁለተኛ ልጅ በእናት ቤት አይወለድም፤ ሰው ምን ይለናል?» አልኩ እኔ ሞኟ።

«የአንደኛው ቀርቶብሽ የለ?» አለች። «ሰውን ምን አገባው?» አፏ የእኔ ነው፤ ከየት ታመጣዋለች።

ጤና ጣቢያ ወለደችና አልጋዬ ላይ ተኛች። አማቲቱም ከሐይቅ መጡ። ሕፃኑን ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። በጣቱ ጣቴን ጨበጠኝ፣ አንጀቴ ተላወሰ። በቃ ተላወሰ፤ እንደሚሉት ነው፣ ዋሽተው አይደለም። ደስ አለኝ፣ ደግሞ አመመኝ፤ የመጀመሪያዋን ልጅ እንዲህ ሳላቅፋት ቀርቻለሁና። እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ልጄ አየችው። ሕፃኑን አላነሳችብኝም።

አማቲቱ ገንፎውን አገንፍተው፣ መካከሉን አጎድጉደው፣ ቅቤውንና በርበሬውን ጨምረው አቀረቡ። ልጄ ማንኪያውን ከእጃቸው ተቀበለችና ወደ እኔ ዘረጋችው።

«እማ፣ አንች ቅመሽልኝ» አለች።

ቀመስኩ። «ጨው አንሶታል» አልኩ።

«ኧረ አላነሰውም» አሉ አማቲቱ።

«አንሶታል» አልኩና ተነስቼ ጨው ጨመርኩበት።